ምስክርነት አማና ነው፦ ስለ ጅምላ ግፍና ስለ ፍትሕ

(ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከሰሚትና ከአያት ለተሰባሰቡ ጀመዓዎች ከመግሪብ ሰላት በኋላ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ለዛሬ የያዝነው ርእስ ከባድ ነው። ስለ ጅምላ ግድያና ስለ ተሰወሩ ሰዎች እንነጋገራለን። ይህን የፈጸሙ ሰዎች እንዴት ለፍርድ እንደሚቀርቡ፣ ለምንስ ሳይቀርቡ እንደሚቀሩ እናያለን። ርእሱን ያመጣብን አንድ ጥያቄ ነው። በቅርቡ ከጀመዓችን አንዲት እናት ከሰላት በኋላ በር ላይ ጠበቁን። ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤት ተወሰደ። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በማግስቱ ስንቅ ይዘው ወደ ቀበሌው ሄዱ፤ «ወደ ከፍተኛው ተዛውሯል» ተባሉ። ወደ ከፍተኛው ሄዱ፤ «እዚህ የለም» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ስንቁን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን አስከሬን አላዩም፤ መቃብሩንም አያውቁም። «በየመድረኩ ይቅር በሉ ይባላል» አሉን። «እኔ እምቢ አላልኩም። ግን ማንን ነው ይቅር የምለው? ስሙን የነገረኝ ሰው የለም።»

በዚያን ሰዓት መልስ አልነበረንም። የዛሬው ንግግር ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ያገኘነው ነው።

በቦሌ መንገድ ጫፍ

ከእኛ ሰፈር ታክሲ ይዞ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው የቦሌ መንገድ ሲያልቅ መስቀል አደባባይ ይደርሳል። ከአደባባዩ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ብዙዎቻችን በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፤ የገባን ግን ጥቂቶች ነን። ውስጡ በግድግዳው ሙሉ የወጣቶች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ የሰው አጥንት ተደርድሯል። የልጆች አጥንት ነው፤ በዕድሜ የኛን ተማሪዎች ያክላሉ።

አደባባዩ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚያ ቆመው ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ሰባበሩ። ኢሕአፓ በከተማ የመንግሥት ሰዎችን በጥይት ይገድል ነበር፤ ደርግ ይህን «ነጭ ሽብር» ብሎ ሰየመውና ለአጸፋው «ቀይ ሽብር» አወጀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁታል። ሰው ከቤቱ ማታ ይወሰዳል፤ ጠዋት አስከሬኑ ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይገኛል። እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈይ የተባለችም ነበረች። ቤት ሲፈተሽ፣ የቀበሌ ጥበቃ ሲመጣ፣ ሙስሊም ነህ ክርስቲያን ነህ ተብሎ አልተጠየቀም። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ለሙስሊሙ እኩልነት አደባባይ የወጣው ትውልድና፣ አብሮት የወጣው የክርስቲያን ተማሪ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ።

ፍርዱ እንዴት ሄደ?

ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥተው በናይሮቢ በኩል ሐራሬ ገቡ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በአቶ ግርማ ዋቅጅራ ይመራ ነበር። ከአርጀንቲና የመጡ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች ጉድጓዶች እያስቆፈሩ አጥንት ለቀሙ። የሞተው ማን እንደሆነና እንዴት እንደተገደለ በሳይንስ መረመሩ። ከሁሉ በላይ ግን ገዳዮቹን ያጋለጠው የራሳቸው ወረቀት ነው። ደርግ ሲገድል ይጽፍ ነበር። «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት» የሚል ትእዛዝ ፊርማና ማኅተም እያረፈበት በፋይል ተቀምጦ ተገኘ።

የዋናዎቹ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀመረ። በአጠቃላይ በልዩ ዐቃቤ ሕግ የተከሰሱት ሰዎች ከ5,000 በላይ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሌሉበት የተከሰሱ ናቸው። ክሱ የተመሠረተው በውጭ አገር ሕግ አልነበረም። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1949 ከሁሉም አገሮች ቀድማ አጽድቃለች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን አባላት ማጥፋትንም በዚሁ ወንጀል ሥር አስገብቶታል። በዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድን የለም። ስለዚህ የኛ ሕግ ከዓለሙ ሕግ ሰፊ ነበር፤ ደርግ ሥልጣን ሲይዝም ሕጉ እዚያው ነበር። አላወቅንም ማለት አይቻልም።

የከፍተኛው ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በአብላጫ ድምፅ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሰጠ፤ ጥር 3 ቀን የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በ2003 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ የሞት ፍርዱ ለ23 ሰዎች ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሃያ ዓመት የታሰሩት ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማር? ደጉን እንመስክር፤ አፍሪካ ውስጥ አንድ አገር የቀድሞ ገዥዎቹን በራሱ ዳኛ፣ በራሱ ሕግ፣ በግልጽ ችሎት ሲጠይቅ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። የሟቾች ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ቆመው ተናገሩ፤ ቃላቸውም ተመዘገበ። ክፉውንም አንሸፍን፤ ክሱ ሳይመሠረት ለዓመታት የታሰረ ሰው ነበር። ሂደቱ ለዋናዎቹ ብቻ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ምስክር በመሀሉ ሞተ፤ ተከሳሽም ሞተ። ዋናው ሰው ሐራሬ ቤታቸው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕክምና ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ኢትዮጵያ ተላልፈው እንዲሰጧት ጠየቀች፤ እሳቸው ግን ወደ ዚምባብዌ ተመለሱ። ሌሎች ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በጣልያን ኤምባሲ ግቢ ወደ ሠላሳ ዓመት ተሸሽገው ኖሩ። ከሁሉ የከበደው ደግሞ የተጠየቀው የተሸነፈው ወገን ብቻ መሆኑ ነው። በዚያው ዘመን ሌሎች የታጠቁ ወገኖች የገደሏቸው ሰዎች ቤተሰቦች ችሎት አላገኙም። ያሸነፈ የማይጠየቅበት ፍርድ ለቀጣዩ አሸናፊ ትምህርት አይሆነውም፤ እንዳትሸነፍ ብቻ ይለዋል።

የተረሳ ፍርድ

ወደ ኋላ ትንሽ እንሂድ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሽስት ጣልያን ሰዎች ለሦስት ቀን አዲስ አበባን በእሳትና በአካፋ ፈጇት። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ስለ ጦር ወንጀል ለተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር አቀረበች። ኮሚሽኑም ጉዳዩ ለፍርድ የሚያበቃ መሆኑን ተቀበለ። አንዳቸውም ግን ስለ ኢትዮጵያ ደም ችሎት አልቆሙም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በጣልያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ወንጀሉም ከጀርመኖች ጋር መተባበር ነበር። ከወራት በኋላ ተለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራላቸው። ያልተፈረደበት ወንጀል ውሎ አድሮ ሐውልት እንደሚቆምለት ከዚህ እንማራለን።

ስደት የማይሸሽገው

ይሁን እንጂ ፍርድ ዘገየ ማለት ሁልጊዜ ቀረ ማለት አይደለም። በአሜሪካ አትላንታ ከተማ አንዲት የቀይ ሽብር ሰለባ ኢትዮጵያዊት በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ በከፍተኛ 9 ያሠቃያትን ሰው፣ ቀልቤሳ ነገዎን፣ ሠራተኛ ሆኖ አየችው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ ሰውየውም በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በዴንቨር ደግሞ አንድ የቀድሞ እስረኛ የቀድሞ ዘበኛውን በአንድ ምግብ ቤት ዐወቀው፤ ዘበኛው በሐሰት ስም መግባቱ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተቀጣ።

በኔዘርላንድ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እሸቱ ዓለሙ በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በኋላ የኔዘርላንድ ዜጋ ሆነው ኖሩ። የሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በ2014 ዓ.ም. አጸናው። ከክሶቹ አንዱ በደብረ ማርቆስ 75 ወጣት እስረኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ መገደላቸው ነው። ወንጀሉ የተፈጸመው በ1970 ዓ.ም. ነበር። አርባ ዓመት! እነዚያ ምስክሮች አርባ ዓመት የያዙትን ነገር ሳያሳድጉና ሳያሳንሱ በባዕድ ዳኛ ፊት ተናገሩ።

ልብ በሉ፤ በአትላንታና በዴንቨር ፍትሕ የተጀመረው በመንግሥት አይደለም። ፊት ያልረሳ፣ ድምፅ ያልረሳ፣ ለመናገር የደፈረ አንድ ሰው ነው የጀመረው።

የዓለም ፍርድ ቤቶች ምን ይችላሉ?

ወጣቶቻችን «ለምን ሄግ አንከስም?» ይሉናል። በሄግ ሁለት ፍርድ ቤቶች አሉ፤ እንለያቸው። አንደኛው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው፤ ግለሰብን ይከሳል። ሥልጣኑ የሚደርሰው የሮም ስምምነትን በተቀበሉ አገሮች፣ ወይም አገሩ ራሱ ሲፈቅድ፣ ወይም የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ሲመራለት ነው። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። የሱዳኑ ዑመር አል-በሽር በዳርፉር ጉዳይ የእስር ማዘዣ ወጥቶባቸው ሳለ አዲስ አበባ በሰላም ገብተው በሰላም ይወጡ የነበረው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱ መንግሥትን ከመንግሥት ያፋርዳል፤ እኛ እንደ ጀመዓ ልንከስበት አንችልም።

ቢሆንም እነዚህ ችሎቶች ለኛም ትምህርት አላቸው። ቦሌ ውስጥ ከሩዋንዳ ኤምባሲ ስሙን የወሰደው ሰፈር አለን። ስሙን በየቀኑ ከታክሲ ረዳት አፍ እንሰማለን። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1994 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቱትሲዎች በመቶ ቀን ውስጥ አለቁ። ብዙ የሩዋንዳ ሙስሊሞች የተሳደዱ ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸውና በመስጂዳቸው ደበቁ። አሩሻ የተቀመጠው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ የቀድሞ ከንቲባ፣ በአካዬሱ ላይ የፈረደው ፍርድ ዓለም አቀፍ ችሎት በዘር ማጥፋት የሰጠው የመጀመሪያው ነው። አስገድዶ መድፈርም የዘር ማጥፋት መንገድ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ተወሰነ። በስሬብሬኒጻ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ከ8,000 የማያንሱ የቦስኒያ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተገደሉ፤ አዛዡ ራትኮ ምላዲች ለዓመታት ተሸሽጎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በቲምቡክቱ የዓሊሞችን መቃብሮችና የሲዲ ያሕያ መስጂድን በር ያፈረሰው አል-ማህዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ዘጠኝ ዓመት ተቀጣ። ይህ ሰው ሙስሊም ነው፤ ያፈረሰውም የሙስሊሞችን ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ደግሞ ትንሿ ጋምቢያ የእስላማዊ ትብብር ድርጅትን ድጋፍ ይዛ ስለ ሮሂንጃዎች ምያንማርን ከሰሰች፤ በጥር 2020 ፍርድ ቤቱ ምያንማር ሕዝቡን እንድትጠብቅ አዘዘ። የቻዱ ሒሴን ሐብሬም በአፍሪካ ምድር፣ ዳካር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ያን ፍርድ ያመጡት ከእስር ቤት የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይታክቱ በር አንኳኩ።

ስሙን በስሙ እንጥራ

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በንዴት ጊዜ ሁሉንም ግፍ «ዘር ማጥፋት» እንላለን። ሕግ ግን ስም ይለያል። ዘር ማጥፋት ማለት አንድን ብሔር፣ ዘር ወይም የሃይማኖት ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት አስቦ መፈጸም ነው፤ የሐሳቡ ማስረጃ ያስፈልገዋል። በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ማለት በሲቪል ሕዝብ ላይ በስፋት ወይም በተደራጀ መንገድ የሚደረግ ጥቃት ነው። የጦር ወንጀል በጦርነት ውስጥ የጦርነትን ሕግ መጣስ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ግን ወንጀል የሆነ ግድያም አለ፤ እሱም ደም ነው፤ እሱም ይጠየቃል። ያልሆነውን ሆነ ካልን የሆነውን የሚያምነን እናጣለን።

የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን መሰወርና ማሠቃየት በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፉ ይደነግጋል። ፕሬዚዳንቱ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ ከማቅለል በቀር መንገድ አልተተወለትም። ይህን አንቀጽ ልጆቻችን በቃላቸው ይያዙት።

ጠፍቶ የቀረ ሰው

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በፊቅህ ጠፍቶ የቀረ፣ ይኑር ይሙት የማይታወቅ ሰው «መፍቁድ» ይባላል። ዑለማዎቻችን ስለሱ ብዙ ጽፈዋል፤ ምክንያቱም የመፍቁድ ቤተሰብ በሁለት ዓለም መካከል ይቆማል። ሚስት ባሏ ሞተ ብላ ዒዳ አትቆጥርም፤ አለ ብላም አትኖርም። ውርስ አይከፈልም። ልጅ አባቴ ሞተ አይል፣ አለ አይል። ቃዲ ፊት ቀርቦ ሞቱ እስኪፈረድ ድረስ ኑሮ ቆሞ ይቀራል። ገላውን ያላጠብነው፣ ያልከፈንነው፣ ወደ ቂብላ ያላዞርነው ሰው አለን። ሰላተል ጋኢብ ልንሰግድ እንኳ መሞቱን የሚመሰክር እንፈልጋለን። ሰውን መሰወር ከግድያ የማያንሰው ለዚህ ነው፤ ገዳይ አንድ ቀን ይገድላል፣ ሰዋሪ ግን ቤተሰቡን በየቀኑ ይቀጣል። እንግዲህ ገዳዩ ታሠረም ተፈታም፣ ሰዋሪው አንድ ዕዳ አለበት፤ የት እንደቀበረው ይናገር።

ይቅርታ የማን ነው?

በ2003 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ይቅርታ እንዲደረግላቸው የሃይማኖት መሪዎች፣ የኛንም ወገን ጨምሮ፣ አማላጅ ሆነው ገብተው ነበር። ብዙ የሟች ቤተሰቦች ተቃወሙ። በጎ አስበው የገቡትን አባቶች አንወቅስም። ዲናችን ግን የደም መብት የሟቹ ቤተሰብ መሆኑን አስተምሮናል። ይቅር ማለት ታላቅ ደረጃ ነው፤ አላህ ዘንድ ምንዳው ብዙ ነው፤ ግን የባለ ደሙ ነው። መንግሥት፣ ሸይኽም ሆነ ቄስ በሌላ ሰው ደም ቸር መሆን አይችሉም። ይቅርታም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ እውነቱ ይነገራል፣ ቀጥሎ አጥፊው ጥፋቱን ያምናል፣ ከዚያ የተበዳዩ በር ይንኳኳል። በሩን ክፈት ተብሎ ይለመናል እንጂ በሩ አይሰበርም።

በቀልንም አንፈልግም። የምንፈልገው የሞት ፍርድ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሰው ገድሎ እንደማያመልጥ እንዲታወቅ ነው።

በራሳችንም ላይ

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጂዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጠሉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የአል-ነጃሺ መስጂድ ተመታ፤ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስፍር ቁጥር የሌለው ሲቪል ሞተ፤ ሴቶች ተደፈሩ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በጎንደር ቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተገደሉ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አካባቢ በቶሌ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ አማሮች ተጨፈጨፉ። አብዛኞቹ መሠረታቸው ከወሎ የሆነ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩባቸው። መንግሥት የታጠቀውን ቡድን ከሰሰ፤ ቡድኑ ካደ፤ ሟቾቹ ግን ተቀበሩ።

ከጎንደሩ ግድያ በኋላ በቀናት ውስጥ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ይህን ደግሞ ዝም ብለን እንለፈው? አንልፈውም። አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ ምስክርነትን ለእሱ ብለን፣ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ ቢሆን እንኳ፣ ቀጥ አድርገን እንድንቆም አዞናል። የኛ ሰው ያቃጠለውን የምንሸፍን ከሆነ ሌላው የኛን የሚያቃጥለውን ሲሸፍን በምን አፋችን እንናገራለን? በቀይ ሽብር ጊዜም የቀበሌ ጥበቃ ሆኖ የጎረቤቱን ልጅ የጠቆመ ሙስሊም ነበር። እሱም በመዝገቡ ይግባ።

መንግሥት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ፍርድ ቤትና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ይቋቋማሉ ይላል። በወረቀት ደግ ነገር ነው። ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ አንደኛ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም እኩል ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የወንጀል ሕጋችን በስብዕና ላይ የሚፈጸምን ወንጀል ለብቻው አልደነገገም፤ ይህ ክፍተት በሕግ ይደፈን። ሦስተኛ፣ ምስክር ይጠበቅ፤ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሥራ ላይ መዋሉን በተግባር እንየው።

የእኛ ድርሻ

ይህ ሁሉ እስኪሆን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። አንዳንድ ወንድሞች «ለአላህ ሰጥተነዋል» ይላሉ። አዎ፣ የመጨረሻው ፍርድ የአላህ ነው፤ ከዚያ ችሎት የሚያመልጥ የለም። ግን ምስክርነትን መደበቅም በዚያው ችሎት ያስጠይቃል። ግመሏን አስረን ነው በአላህ የምንመካው።

በየጀመዓው የምስክርነት መዝገብ እንክፈት። አሠራሩን ከሐዲስ ሊቃውንት እንማር። እነሱ አንድ ሐዲስ ሲመጣላቸው «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? ሰውየው ታማኝ ነው? ማስታወስ ይችላል? ተገናኝተዋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እኛም እንዲሁ፦

በዐይን ያየነውንና በወሬ የሰማነውን ለይተን እንጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን እንጻፍ፤ ቀኑ ከጠፋ «ከዒድ በፊት ባለው ሳምንት» ብለን እንጻፍ እንጂ አንፍጠር። ሟቾችን በቁጥር ሳይሆን በስም እንጻፍ። ፎቶና ቪዲዮ ከሆነ ዋናውን ሳንነካው እናስቀምጥ፤ ቆርጠን፣ ጽሑፍ ጨምረን በስልክ አንበትነው። የተደፈረች እህት ካልፈቀደች ስሟ አይጻፍ፤ ሴት ትጠይቃት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትጠየቅ። አዛውንቶችን እናስቀድም፤ በ1970 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። መዝገቡ ሁለት ቅጂ ይኑረው። ለጎረቤት ክርስቲያንም በሩ ክፍት ይሁን፤ በአንድ ጉድጓድ የተጣሉ ሰዎች በሁለት መዝገብ አይለያዩም።

ወጣቶች ሆይ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ይዛችሁ መስቀል አደባባይ ያለውን ሙዚየም ጎብኙ። መግቢያው ላይ አትቸኩሉ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ከመካከላቸው የሰፈራችሁ ልጅ ሊኖር ይችላል።

እኛም ለእናታችን ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘንም። የገዳዩን ስም አልነገርናቸውም፤ መቃብሩንም አላሳየናቸውም። ያደረግነው አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ሐሙስ ከቤታቸው ሄደን ቁጭ ብለን ያዩትን ሁሉ ጻፍን። የልጁን ስም፣ የለበሰውን ሸሚዝ ቀለም፣ የመጡትን ሦስት ሰዎች መልክ፣ የቀበሌው ሰው የመለሰላቸውን ቃል ተናገሩ። ያላዩትን «አላየሁም» አሉ። ሲጨርሱ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙ። «አሁን ከኔ ጋር ብቻ አይደለም» አሉን። የመዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ የእሳቸው ነው። ሁለተኛውን ገጽ ከእናንተ እንጠብቃለን።

አላህ ሆይ፤ በግፍ የተገደሉትን ወገኖቻችንን ተቀበላቸው፤ ጠፍተው የቀሩትን ወዴት እንዳሉ ግለጥልን። ምላሳችንን ከሐሰት፣ ልባችንን ከበቀል፣ እጃችንን ከደም ጠብቅልን። ለዚህች አገር ሕዝብ ሁሉ ፍትሕንና ሰላምን ስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።